«ጃክ» ብለው ሲጠሩኝ ምን ማለታቸው ነው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መቼም ቋንቋ የምታውቁ አትጠፉምና አንድ ነገር ልጠይቅ።

ኑሮዬ ቨርጂኒያ ነው፤ ጎማ ቤት እሠራለሁ። አዲስ አበባ እያለሁም እንጀራዬ ይኸው ነበር፤ ጎሚስታ ነበርኩ። ስሜ በ«ጸ» ይጀምራል። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት ለነበረች እናቴ እኔ ስተርፍላት አያቴ ያወጣችልኝ ስም ነው።

ሥራ በገባሁበት ቀን ኃላፊው ስሜን ሁለቴ ሞከረው፤ አልሆነለትም። ሦስተኛ አልሞከረም። «ጃክ» አለኝ፤ በዚያው ቀረ። እኛ ክሪክ የምንለውን የመኪና ማንሻ ዕቃ ደግሞ እነሱ ጃክ ነው የሚሉት። ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብዬ ዳዶ እየፈታሁ ጃክ የሚል ጥሪ ሰማሁ። እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ተነስቼ ሄድኩ። ኃላፊው ለካ ሌላውን ልጅ ክሪኩን አቀብለኝ እያለው ነው። ቀና ብሎም አላየኝም። ክሪኩ በጎማዎቹ እየተንኳኳ በአጠገቤ አለፈ። ያን ዕለት ማታ እህል አልወርድ አለኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ጃክ ስም ነው? ስድብ ነው? ወይስ ዕቃ ነው? ሰውና ክሪክ እንዴት በአንድ ስም ተጠሩ?

ይህን ጽፌ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ገጹ በምላሽ ተሞልቶ ነበር፤ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ 30 ደረሰ። ኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች እያንዳንዱን በቁጥሩ፣ በራሴ ቃል እተርከዋለሁ።

ምላሽ 1። ለንደን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነው ያወራናቸው። ጃክ በመሠረቱ የጆን የቁልምጫ ስም እንደሆነ አስረዱ፤ ጆን ማለት የእኛው ዮሐንስ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ በስም መጨረሻ ላይ «ኪን» ተቀጥላ የምታቆላምጥ ቃል ነበረች። ጆን በዚያ መንገድ ጃንኪን ሆነ፣ ጃንኪን ጃኪን ሆነ፣ ጃኪን ደግሞ አጠረና ጃክ ሆነ። የእኛ ሰፈር ዮሐንስ ጆኒ እንደሚባለው ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር ጆን የሚባል ሰው እጅግ ብዙ ስለነበር ጃክ የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀረና ማንኛውም ተራ ሰው የሚጠራበት ሆነ። እኛ ስሙን የማናውቀውን ልጅ መንገድ ላይ ማሙሽ ብለን እንደምንጠራው፣ እነሱም ስሙን የማያውቁትን ሰው ጃክ አሉት።

ምላሽ 2 አጭር ነው። ጋሼን አመስግኖ፣ እንግዲያው ስድብ ስላልሆነ ቅር አይበልህ ብሎኛል።

ምላሽ 3። ከፓሪስ የጻፈች እህት፣ በትሕትና ግን ጠንከር ብላ፣ ፈረንሳዮች ዣክ የሚሉት ስም ከያዕቆብ እንጂ ከዮሐንስ እንዳልመጣ አሳሰበች። እዚያም ታሪኩ ከእንግሊዙ ይመሳሰላል። የፈረንሳይ መኳንንት ገበሬውን ሁሉ በጅምላ ዣክ ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1358 ገበሬው ሲያምጽባቸውም አመጹ «ዣክሪ» ተባለ። የምንለብሰው ጃኬት ሳይቀር ከዚያው ከገበሬው ስም ሳይመጣ አይቀርም ትላለች። ይህን ሳነብ ወንበር ላይ የተንጠለጠለውን ጃኬቴን ዞሬ አየሁት።

ምላሽ 4። ጋሼ ተመልሰው መጥተው ስለ ያዕቆብ የተባለውን ተቀበሉ። የሁለቱ ስሞች ድምፅ መመሳሰል አንዱን በሌላው አደናግሮ ሊሆን ይችላል፤ የእንግሊዙ ጃክ ግን የጆን ነው ብለው በአቋማቸው ጸኑ።

ምላሽ 5። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጻፈው ጀርመን አገር በማሽን ሙያ የሚተዳደር ወንድም ነው። ድሮ በትልልቅ ቤቶች ማድ ቤት ሥጋ በብረት ተሰክቶ ከእሳት ፊት ይጠበስ ነበር። ያን ብረት ቀኑን ሙሉ የሚያዞረው አንድ ልጅ ነው። ፊቱ በእሳቱ እየተለበለበ፣ ለሰዓታት ያዞራል። ኋላ ላይ በክብደትና በጥርስ እየተሳበ ብረቱን በራሱ የሚያዞር መሣሪያ ተሠራ። ያን መሣሪያ ጃክ አሉት። ቦት ጫማ የሚጎትት አሽከር ነበረ፤ ጫማውን የሚያወልቅ እንጨት ሲመጣ እሱንም ጃክ አሉት። ከባድ ነገር የሚያነሳ ጉልበተኛ ነበረ፤ ማንሻው ሲሠራ ጃክ ተባለ። ስሙ በመጀመሪያ የሠራተኛው ነበር፤ ዕቃው የሠራተኛውን ቦታ ሲይዝ ስሙንም አብሮ ወሰደ። እናም በወንድሜ አባባል እኔ በክሪክ ስም አልተጠራሁም፤ ክሪኩ ነው በሰው ስም የተጠራው።

መልሱ ይህ መሰለኝ። ግን ሐዘኔን አላቀለለውም፤ እንዲያውም ከእሳቱ ፊት የተቀመጠው ልጅ ታየኝ። የእሱም እናት ያወጣችለት ስም ነበረው።

ምላሽ 6 ዝርዝር ነው። ዛፍ ቆራጩ «ላምበርጃክ»፣ ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው «ስቲፕልጃክ»፣ ባሕረኛው «ጃክ ታር» ይባላል። የብሪታንያ ባንዲራ ስም፣ «ዩኒየን ጃክ»፣ ላይ ያለው ጃክ ግን ከሠራተኛ ይልቅ ወደ «ትንሽ» የሚያደላ ነው፤ መርከብ አፍንጫ ላይ የምትሰቀል ትንሿ ባንዲራ ጃክ ትባላለች። የጆሮ ማዳመጫ የምንሰካበትንም ጃክ እንላለን፤ ያ ከድሮ የስልክ ማዕከል ሠሌዳዎች የወረስነው ነው።

ምላሽ 7። ከሐዋሳ የጻፈች መምህርት እንግሊዞች ስሙን ለእንስሳም እንደሚሰጡ አስታወሰች። ወንዱ አህያ «ጃክአስ» ነው፣ ከቁራ ወገን የሆነች አንዲት ወፍ «ጃክዶ» ናት። ቀጥላ ያመጣችው ነገር ደስ አለኝ። እኛም በተረታችን ጅቡን አያ ጅቦ፣ ጦጣዋን እመት ጦጣ እንላለን፤ አውሬውን በቤተሰብ ማዕረግ ነው የምናስገባው። ልዩነቱ እነሱ የተራውን ሰው ስም ሲሰጡ እኛ የታላቅን መጠሪያ እንሰጣለን።

ምላሽ 8 ላይ አንዱ በሞቀ ልብ ተነስቶ፣ እንግዲያው ጃካል የሚሉት የቀበሮ ዘመድና ጃክፍሩት የሚሉት ትልቅ ፍሬም ከዚያው ከጃክ የመጡ ናቸው አለ። ምላሽ 9 አልራራለትም። ጃካል ከፋርስ ተነስቶ በቱርክ በኩል የመጣ ቃል ነው። ጃክፍሩት ደግሞ የደቡብ ሕንድ ሰዎች በማላያላም ቋንቋ ፍሬውን ከሚጠሩበት ስም በፖርቹጋሎች አፍ ዞሮ የመጣ ነው። ሳያጣሩ መጻፍ ሰውን ማሳሳት ነው ብሎ ገሠጸው። እውነቱን ነው፤ ቃናው ግን ለስለስ ቢል ይሻል ነበር።

ምላሽ 10። እዚህ ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ትንሽ ሳተ። አንዱ የእኛ «ጃል»፣ አንተ ጃል የምንለው፣ ከእንግሊዙ ጃክ የተወሰደ ነው የሚል ግምት አመጣ። ምላሽ 11 ከአዳማ ነው፤ በግልጽ ተቆጥቶ ነበር። ጃል ኦሮምኛ እንደሆነና ወዳጅ፣ ጓድ ማለት እንደሆነ፣ ጎረቤት ቋንቋ ውስጥ ያለውን ቃል ረስቶ ለንደን ድረስ ፍለጋ መሄድ እንደሚያሳዝን ጻፈ። ምላሽ 10ን የጻፈው ሰው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው ምላሽ 12 ሆኖ ተመዘገበ። ነገሩን ሳስበው ግን ሁለቱ ቃላት ለማያውቁት ሰው መጥሪያ በመሆን ይመሳሰላሉ። አንደኛው ሰውየውን ወዳጅ ያደርገዋል፤ ሌላው ማንም ያደርገዋል።

ምላሽ 13 ስለ ካርታ ጨዋታ ነው። «ጄ» የተጻፈባት ካርታ ድሮ «ኔቭ» ነበር ስሟ፤ አሽከር እንደማለት ነው። ጃክ የሚለው የተራው ሰው አጠራር ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በአንድ ልብ ወለዱ ላይ፣ በሀብታም ቤት ያደገች ልጅ አንድን የድሃ ልጅ ኔቮቹን ጃክ ብሎ ስለጠራ ስትንቀው ያሳየናል። አንዲት ቃል ከየት ሰፈር እንደመጣ አሳበቀችበት። በመጨረሻ ግን የተራው ሰው አጠራር አሸነፈ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የካርታው ጥግ ላይ ፊደል ማተም ሲጀመር የንጉሡና የኔቩ ምልክት ሁለቱም በ«ኬ» ስለሚጀምሩ (ኔቭ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በማትነበብ «ኬ» ይጀምራል) እየተምታታ ማስቸገሩ ነው።

ምላሽ 14 ከዚያ ቀጥሎ «ጃክፖት» የመጣው ከፖከር እንደሆነ ጻፈ። ቢያንስ ሁለት ጄ ያልያዘ ሰው ጨዋታውን መክፈት አይችልም፤ ከፋች እስኪገኝ መሐል ላይ የተቀመጠው ገንዘብ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ምላሽ 15 የአንዲት እናት ነው። ከጃክፖት ጋር የተዋወቀችው ሰፈሯ በተከፈተ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ተለጥፎ አይታው ነው። ልጇ የታክሲውን ብር እዚያ እየጣለ በእግሩ እንደሚመጣ፣ ትኬቶቹን ከሱሪው ኪስ እያወጣች ልብስ እንደምታጥብ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ሊያጽናናት ሞከረ። ምላሽ 16 ላይ አስተባባሪው ስለ ቤቲንግ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠይቆ ወደ ጃክ መለሰን።

ምላሽ 17። ክርክሩ ሹል የሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው። ጸሐፊው እንደ እኔ አሜሪካ ያለ ነው፤ እኔን ከመጠን በላይ ስሜታዊ ነህ አለኝ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲን ቤተሰባቸውና ወዳጆቻቸው ጃክ ይሏቸው እንደነበር አነሳ። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2008 ለወንድ ልጅ በብዛት ከሚወጡ ስሞች የመጀመሪያው ጃክ ነበር አለ። ደመወዝህን ካልቀነሰብህ ስምህን ቢቀንስ ምን ገደደህ የሚል ሐሳብም ነበረበት። ይህችኛዋ አመመችኝ። ያነሳቸው ነገሮች ትክክል ናቸው። ግን ኬኔዲን ጃክ ያሏቸው ሰዎች ጆን መባላቸውንም ያውቁ ነበር።

ምላሽ 18 ለእሱ የተሰጠ መልስ ነው፤ እሳት የለበሰች ሴት ናት የጻፈችው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ስሙ ትላለች። አሜሪካዊ ስሙ ጃክ ያልሆነን ሰው «ሊስን ጃክ» ብሎ ሲጀምር ጠብ እየመጣ ነው። «ዩ ዶንት ኖው ጃክ» ካለ ደግሞ ምንም አታውቅም ማለቱ ነው፤ እዚያ ላይ ጃክ ከነጭራሹ «ምንም» ሆኗል፣ ከኋላው አንድ ነውረኛ ቃል ተቆርጦለት። እንግሊዞች «አይም ኦልራይት ጃክ» የሚሉትን ጨመረች፤ እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ እንደፍጥርጥርህ የሚል የራስ ወዳድ ሰው ንግግር ነው። ምላሽ 17ን የጻፈውን ሰው እንዲህ ያለ ሰው ብላ ልትጠራው ዳር ደርሳ ነበር፤ አስተባባሪው አንዲት ዐረፍተ ነገር አነሳባት።

ምላሽ 19። አንድ የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ አየሩን ሊያበርደው መጣ። አገር በገባ በመጀመሪያው ዓመት ተሳፋሪው ስለ ቤት ኪራይ እያማረረ «ጃክድ አፕ» ሲል ቤቱ በክሪክ የተነሳ መስሎት፣ መሠረቱ ሰምጦ ነው ወይ ብሎ እንደጠየቀ አጫወተን። ለካ ዋጋ ማናር ነው። ተሳፋሪው ወርዶም እየሳቀ አስረዳው፤ እስከ ዛሬ ደንበኛው ነው።

ምላሽ 20 «ጃክ ኦፍ ኦል ትሬድስ» የሚለውን አነሳ፤ ሁሉን የሚሞካክር ሰው ማለት ነው። አንዱን በደንብ አያውቅም የምትለዋ ማንቋሸሺያ ኋላ የተጨመረች መሆኗን ነገረን። አክሎም ዋናው ሙሉ አባባል ከአንድ ሙያ አዋቂ እሱ ይሻላል ብሎ ያልቃል አለ። ምላሽ 21 ይህችን የመጨረሻዋን ቁራጭ አረመ፤ ሰው እየተቀባበለ ያሰራጫት የቅርብ ጊዜ ጭማሪ እንጂ ጥንታዊ አይደለችም።

ምላሽ 22 «ሀይጃክ»ን ይዞ መጣ። ቃሉ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ መጠጥ በተከለከለበት ዘመን፣ የኮንትሮባንድ መጠጥ የጫነ መኪና መዝረፍ ማለት ነበር። ዘራፊው ሽጉጥ ደግኖ ሾፌሩን ጃክ ብሎ ስለሚጠራው ነው የሚለው ተረት ግን ማስረጃ የለውም። እኛ ይህን ጠለፋ እንላለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሲወድቅ፣ ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ፣ የምላሹ ጸሐፊ ሬዲዮ ዙሪያ ተቀምጦ እንደሰማ ጻፈ። ጠለፈ ስንል ልጅቷን ለጋብቻ አስገድዶ መውሰድም ነው፣ ስልክ ሰርቆ መስማትም ነው፣ ቀሚስ ላይ ጥለት ማውጣትም ነው። በዚህ ላይ ለብቻው ቢወራ አንድ ወር አይበቃም።

ምላሽ 23። ከቺካጎ የጻፉት አዛውንት አርባ ዓመት ገደማ እዚያ ኖረዋል። የእኔን ክሪክ ትተው ስለ ፑልማን ባቡሮች ነገሩኝ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የጆርጅ ፑልማን ኩባንያ በአልጋ ባቡሮቹ ላይ ጥቁር አስተናጋጆችን ቀጠረ፤ ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። ተሳፋሪው ሁሉንም «ጆርጅ» ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ ከነበረበት ልማድ የቀጠለ ነው። አልጋ ያነጥፋሉ፣ ጫማ ይወለውላሉ፣ ሌሊቱን ጆርጅ ሲባል ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ። ከ12 ዓመት ትግል በኋላ፣ በ1937፣ ኩባንያው ተደራድሮ ፈረመላቸው። ገንዘቡም ሰዓቱም በድርድሩ ነበረበት። ግን አዛውንቱ እንደሚሉት በስም የመጠራት ነገርም ከልብ የሚታገሉለት ጉዳይ ነበር። ሲጨርሱ አንድ ምክር ሰጡኝ። አትጣላ፣ ግን ስምህን ተናገር፤ ሁለቴ ሞክሮ የተወውን ሦስተኛ አስሞክረው።

ምላሽ 24 እና 25 የተከታተሉ ናቸው። አንዷ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ እመቤቲቱ ገና በር ላይ ሳለች ሌላ ስም ሰጠቻት፤ ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅም በዚያው ስም ትጠራ እንደነበር ያወቀችው ትራሱ ውስጥ የተረሳ ወረቀት አግኝታ ነው። ሌላው ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል በተወሰዱበት በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ልጅ ሆኖ እስራኤል የገባ ነው። መቀበያው ላይ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠው። ቤት ውስጥ እናቱ በድሮው ስሙ፣ ትምህርት ቤት በአዲሱ። አሁን ሁለቱንም እንደሚወድ፣ ግን ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ጻፈ።

ምላሽ 26 ሁላችንንም ዝም አሰኘ። አዲስ አበባ ያለች ወጣት ናት። ስለ ቨርጂኒያና ቤይሩት ስናዝን የራሳችንን ቤት ረሳነው ወይ አለች። ከገጠር የመጣችን ሠራተኛ ስምሽ ያረጀ ነው ብሎ ሌላ የሚያወጣላት ማነው? አምስት ዓመት በር የከፈተልንን ዘበኛ ስሙን የምናውቅ ስንት ነን? ልጁን ከሰው ፊት አንተ ወያላ የሚለው ማነው? አንድም ማለስለሻ ቃል አላስገባችም። ምላሽ 27 ነገሩን ከርዕስ ወጣሽ ብሎ ሊያልፈው ሞከረ፤ ሰው አልተቀበለውም። እኔም ሶማሌ ተራ ሳለሁ ጎማ የሚያንከባልልልኝ ልጅ ነበር። ዓመት ሙሉ ያዘዝኩት አንተ ልጅ እያልኩ ነው። ስሙን ለማስታወስ ሌሊቱን ሙሉ ጣርኩ፤ አልመጣልኝም።

ምላሽ 28 የእኔ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይሞቅ ኃላፊው ጋ ሄጄ ስሜን ነገርኩት። በካርቶን ላይ በእነሱም በእኛም ፊደል ጽፌ የዕቃ ሣጥኔ ላይ ለጥፌዋለሁ። «ጸ»ን ምላሱን ከጥርሱ ኋላ አስደግፎ እንዲያፈናጥራት አሳየሁት። መጀመሪያ «ሰ» ሆነችበት፣ ቀጥሎ «ዘ»። ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አየሁ፤ አንገቱ ቀልቶ ነበር። ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ምላሽ 29 ላይ አንድ ጎሚስታ ከባሕር ዳር፣ ክሪክስ የእኛ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 30 ከጣልያንኛ መምጣቱን ነገረው፤ ዳዶም፣ ጎሚስታም እንደዚሁ።

ኃላፊው ረቡዕ ረስቶ ጃክ አለኝ፤ ያ ሌላው ልጅ አረመው። ሐሙስ ራሱ አስታወሰ፤ «ጸ»ዋ ግን አሁንም «ሰ» ናት። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ዕቃውን እኛ ምን እንደምንለው ጠየቀኝ። ነገርኩት። ይህችኛዋ ቀላል ሆነችለት። አንድ ፒካፕ ገብቶ ቆመ፤ ከወዲያ ማዶ በስሜ ጠራኝና ክሪክ አለ።